ጣሪያና ግድግዳ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ
ከጆሮ ጀምሮ እስከ ጣት የሚወርድ።
ሜትሩ በኪሴ ነው፣ ፎርሙ በብብቴ፣
ሰው ቤት አንኳኳለሁ ሳይነጋ በቤቴ።

ከበሬሳ ድልድይ ስንታጠፍ በስተግራ፣
የድንጋይ ቤት አለ ነፋስን ያልፈራ፤
ቆርቆሮው እንዳይሄድ ድንጋይ ተጭኖታል፣
ዝገቱ ከሩቁ ጥምዝ ክር ይመስላል።
በለጥሻቸው ወጡ፤ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ
ጡረተኛ ናቸው፤ ጣታቸው ሲነካ
ዛሬም ክር ይፈልጋል።

«ምን ልትለካ ነው?»
«ጣሪያና ግድግዳ።»
«ጣሪያውስ ያፈሳል፤ ጻፍ፣ አንተ እንግዳ!»

ፎርሙ ጆሮ የለው፤ ያሉት አምዶች ናቸው፣
ወለል፣ ግንብ፣ ቆርቆሮ፤ ነጥብ እየሰጣቸው
ይደምራቸዋል።
ግንቡ ድንጋይ ነውና ስድስት ነጥብ ያዝኩ፤
«ከብርድ ነው የወፈረ፣ ከጥጋብ አይደለም» ሲሉኝ አዳመጥኩ፤
የምጽፍበት ሳጥን ፎርሙ ላይ ፈለግኩ፤
አጣሁና ተውኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሦስተኛ ደረጃ
የነበረው መንደር፣ አስፋልቱ ማስረጃ፣
ዛሬ አንደኛ ሆኗል።
መቶ ዐሥራ ሁለት ካሬ። አባዛሁ። ነገርኳቸው።
እጃቸው በመቀነታቸው ጫፍ ላይ ቆመ።

«እኔ ከዚህ ቦታ አልተንቀሳቀስኩም፤
አስፋልቱ ነው የመጣው፣ እኔ አልጠራሁትም።
ጡረታዬ ያው ነው፤ ሽንኩርት ግን እንደ ቤት
በየሳምንቱ ነው ደረጃ የሚያድግለት።
ሀብታሙ ቤቴ ነው፣ እኔማ ደሃ ነኝ፤
እሱው ይክፈል ግብሩን፣ እኔን ምን አገባኝ?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።
«ግምት ማለት» አልኩኝ «የነገር መጀመሪያ፤
ሠላሳ ቀን አለ ለቅሬታ ማቅረቢያ።
ቅናሽም አለበት ለአቅመ ደካማ፤
ካልጠየቁት ዝም ነው፣ ካልጮኹ አይሰማ።
የጡረታ ደብተር፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣
ሁለት ፎቶ፣ ማኅተም፣ ማመልከቻ...»
«ማን ይጽፍልኛል?» አሉ።

ሐሙስ ማታ ጻፍኩት፣ መብራት ሄዶ፣ በስልኬ ብርሃን፤
ማክሰኞ ዕለት ገማች፣ ሐሙስ ባላጋራው፦
«ግምቱ የተጋነነ፣ ገማቹ ችኩል ነው፣
የጣሪያውን ማፍሰስ አይቶ እንዳላየ ያለፈው...»
ራሴን ስከስ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ቅሬታ ሰሚዎች ሦስት ናቸው፣ ጠረጴዛው አንድ።
ሰብሳቢው አቶ ኅሩይ መነጽር አወጡ፣
አንብበው ሲጨርሱ በእኔ ላይ አፈጠጡ፦
«ይህን የእጅ ጽሑፍ የት ነው የማውቀው?»
ጣሪያውን አየሁ። ኮርኒስ አለው፤ አራት ነጥብ።

«ብቻዎን ነዎት ወይ?» ብለው ጠየቋቸው፤
«አዎ» ቢሉ በቃ፣ ቅናሹ በእጃቸው።
«ጓሮ ክፍል አለች፣ ሁለት ተማሪ አሉባት፤
ሠርታ የምትበላ ነች፣ ግብሯን ጻፉባት።
ዋናው ቤት ነው እንጂ ሥራውን ያቆመ፤
እንደ እኔ ጡረታ ወጥቶ የደከመ።»

ጸሐፊዋ ቀነሰች፣ ደመረች፣ እንደገና ቀነሰች።
ለዋናው ቤት ግማሹ ተነሣ፤ ጓሮዋ ሙሉ ከፈለች።
እውነት ለተናገረ ቅናሽ የሚሰጥ አንቀጽ
መመሪያው ውስጥ የለም።
ፈልጌ ነበር።

ከገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ተቀብለው፣
ቁጥሩን አመሳክረው፣ ለአራት አጥፈው፣
«አሁን ልጠይቅህ» አሉኝ በር ላይ ቆመው፤
«ከፋይዋ እኔ ነኝ። ድልድዩ ዳር ያለው
የመብራት ምሰሶ አምፖል የሚገባለት መቼ ነው?
ወይስ እሱን የሚገምት የለም?»

ፎርሙን ገለበጥኩ፤ ጀርባው ላይ አምድ የለም።
ጻፍኩ፦ ምሰሶ፣ አንድ።
አምፖል፣ የለም።
«ከስሩ ስሜንም አድርግበት» አሉ፤
አደረግኩ።